መሳሳት

በአንድ አሮጌ ጊታር ፊት ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። አንደኛው ክብ ነው። ዙሪያውን በጌጠኛ ቀለበት ተከቧል፤ ሠሪው ለክቶ፣ በስለት ቆርጦ፣ ድምፅ እንዲወጣበት ብሎ የተወው ነው። ሁለተኛው ከእሱ ፈንጠር ብሎ፣ በክቡ ቀዳዳና በክራር ላይ ቢሆን ብርኩማ በምንለው የክር ማሳረፊያ መካከል ይገኛል። ይኼኛው ቅርጽ የለውም። ማንም አልለካውም፤ ማንም አልቆረጠውም። የአንድ ሰው ጣትና ፒክ (ክር መምቻ) በየምሽቱ ትንሽ ትንሽ እየፋቁ መጀመሪያ ቅቡን፣ ቀጥሎ እንጨቱን ጨርሰው፣ በመጨረሻ ባዶው ላይ የደረሱበት ቦታ ነው። ዙሪያው በላብና በዘመን ጠቁሯል። እንጨቱ ወደ ቀዳዳው በቀረበ ቁጥር እንደ ደረቀ የእንጀራ ጠርዝ እየሳሳ፣ እየሳሳ ይሄድና የለም። ከዚያ በኋላ የሚታየው የጊታሩ ሆድ ጨለማ ነው።

ጊታሩ የዊሊ ኔልሰን ነው። በ1933 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቴክሳስ አቦት በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደው ይህ የካንትሪ ሙዚቃ ሰው ከ1969 ጀምሮ ከዚህ መሣሪያ አልተለየም። “ትሪገር” የሚል ስም አውጥቶለታል። ትሪገር ያበቃ ቀን እኔም አበቃለሁ የሚል ቃልም ከአፉ ተሰምቷል። ለብዙ ጊዜ ከአእምሮዬ ሊወጣ ያልቻለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው። ሰው ከንብረቱ ሁሉ አብልጦ የሚወደውን ዕቃ በገዛ እጁ ፍቆ ፍቆ ይበሳዋልን? ያ ቀዳዳ የፍቅሩ ማስረጃ ነው ወይስ በፍቅሩ ላይ የቀረበ ክስ? አንድን ነገር “እሳሳለታለሁ” ስንል ምን ማለታችን ነው?

ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ የጠየቅሁት ቃሉ ራሱ ስላስቸገረኝ ነው። በአማርኛ “ሳሳ” ስንል ሁለት ነገር እንላለን። ጨርቅ ሲታጠብና ሲለበስ ኖሮ ብርሃን ማሳለፍ ሲጀምር ሳሳ ይባላል፤ የሽማግሌ ፀጉር ይሳሳል፤ የታመመ ሰው ፊት ይሳሳል። እናት ደግሞ ለልጇ ትሳሳለች፤ ከሩቅ አገር የመጣ ልጅዋን በስስት ዓይን ታየዋለች። በመጀመሪያው ውስጥ ነገሩ ይቀጥናል፣ በሁለተኛው ውስጥ ልብ ይራራል። የድሮ ሰዎች ለሁለቱ አንድ ቃል የሰጡት በአጋጣሚ ይሁን በማስተዋል ለመፍረድ የቋንቋ ሊቅ መሆን ያስፈልጋል፤ እኔ ግን ቃሉን በተጠቀምሁ ቁጥር ሁለቱ ትርጉሞች እርስ በርስ የሚተያዩ ይመስለኛል። የምንሳሳለት ነገር ምንጊዜም በሆነ መንገድ የሳሳ ነው። ለዓለት የሚሳሳ ሰው አላየሁም። ሊያልቅ፣ ሊቀደድ፣ ሊሄድ እንደሚችል የተረዳነው ነገር ብቻ ነው በዓይናችን ውስጥ ያንን ስስት የሚያመጣው።

ቃሉ ግን ሦስተኛ ዘመድ አለው። ከ“ሳሳ” የሚወጣው ንዑስ አንቀጽ “መሳሳት” ነው፤ ከ“ተሳሳተ” የሚወጣውም “መሳሳት” ነው። የመጀመሪያው “ሳ” ሲላላ መቅጠን ወይም መራራት ይሆናል፣ ሲጠብቅ ስሕተት ይሆናል። ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን አይጽፍምና በወረቀት ላይ ልዩነታቸው ይጠፋል። ሦስቱም በአንድ ልብስ ይመጣሉ፦ መሳሳት፣ መሳሳት፣ መሳሳት። የዚህን ጊታር ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር ሦስቱ አብረው ስለሚመጡብኝ ነው ቃሉን እንዲህ የማገላብጠው።

አብዛኞቻችን ስናድግ የተማርነው ስስት ዕቃን የማይነካ ስስት ነው። በየቤታችን ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ ተብለው የተደረደሩ፣ እኛ የቤቱ ልጆች ግን አንድም ቀን ያልጠጣንባቸው ስኒዎች ነበሩ። እናቴ በሠርጓ ሰሞን የተሰጣትን አንድ ጥበብ ነጠላ በሳጥን ውስጥ ታስቀምጥ ነበር። ስስ ነበር፤ ጣት ከሥሩ ሲገባ የጣት ጥላ ይታይበታል። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከመልበሷ በቀር “ለደግ ቀን” እያለች አቆየችው። ከብዙ ዓመት በኋላ ሳጥኑ ተከፍቶ ሲዘረጋ ጥለቱ እንደ ትናንት ያንጸባርቃል፤ ነገር ግን ሲታጠፍ በኖረበት መስመር ሁሉ ድሩ ተቆርጦ ኖሯል። ማንም አልነካውም። እጥፋቱ ብቻውን ጨርሶታል። እናቴ ያን ቀን ጣቷን በእጥፋቱ ላይ ከላይ ወደ ታች እያስኬደች ዝም ብላ ስታየው የነበረው ፊቷ እስከ ዛሬ በዓይኔ ላይ አለ። ያልተነካ ነገርም ይሳሳል ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ “ማስቀመጥ” የሚለው ቃል እንደ ድሮው አያሳምነኝም።

ወደ ጊታሩ ልመለስ። ፍቅሩ ከየት እንደ ጀመረ ብንፈልግ መጀመሪያ የለውም። ኔልሰን ከዚህ በፊት ይጫወትበት የነበረው ባልድዊን የሚባል ጊታር ነበር። ያንን በቴክሳስ አንድ ሰካራም ረገጠው። ወደ ናሽቪል ከተማ ተልኮ ሾት ጃክሰን የሚባል የጊታር ጠጋኝ ሲያየው ሊድን እንደማይችል ተናገረ፤ በምትኩ አንድ ማርቲን ጊታር በእጁ እንዳለ ነገረው። ዋጋው 750 ዶላር ነበር። ኔልሰን ሳያየው ገዛው። ሳያየው! መርጦ፣ አነጻጽሮ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ “የእኔ አንተ ነህ” ብሎ አይደለም ያመጣው። የተሰበረ ነገር ምትክ ሆኖ ነው የገባው። ጃክሰን በተሰበረው ውስጥ የነበረውን፣ ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ፒክአፕ አውጥቶ በአዲሱ ውስጥ ተከለለት። ስለዚህ አዲሱ ጊታር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሌላ ጊታር ጆሮ ነበረው። በኋላ “የእኔ ብቸኛ” የተባለው መሣሪያ ሲነሣ እንዲህ ነው፤ ያልታየ፣ ከሟች አካል የወሰደ፣ በገንዘብ የተገዛ።

ይህን የምናገረው ፍቅርን ለማሳነስ አይደለም። ስለ ውድ ዕቃዎች ስናስብ መጀመሪያ ውድነቱ አለ፣ ከዚያ እንጠነቀቅለታለን ብለን እንገምታለን። እዚህ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ጊታሩ ውድ የሆነበትን ቀን ማንም ሊጠቅስ አይችልም፤ ባለቤቱም ቢሆን። በገዛው ቀን አልነበረም። ቀዳዳው በተከፈተ ቀንም አይደለም፤ እንደዚያ ያለ ቀን ራሱ የለምና። እንጨቱ ከመበሳቱ በፊት አንድ ምሽት እጅግ ቀጭን ነበር፤ በማግስቱ ምሽት አንዲት ፍንጣሪ ወደ ውስጥ ወድቃ ሊሆን ይችላል። ፍቅርም ምናልባት እንዲሁ ነው። ስሜቱ እየቀጠነ ሄዶ ወደ ሌላ ነገር የሚያልፍበት ድንበር አይታይም፤ ያለፈ ሰው ብቻ ነው ማለፉን የሚያውቀው።

አሁን ወደ ስሕተቱ። ይህ ጊታር ክላሲካል የሚባለው ዓይነት ነው፤ ማርቲን ኤን-20። ክሮቹ ናይለን ናቸው። በ1833 ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሻገረው ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን ያቋቋመው፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ናዝሬት በምትባል ከተማ የሚሠራው ድርጅት ይህን መሣሪያ ሲሠራ ያሰበው በጣት ጥፍርና ሥጋ የሚነካ ለስላሳ እጅን ነው። በብረት ክር ጊታሮች ላይ ከክቡ ቀዳዳ አጠገብ የሚለጠፈው የፒክ መከላከያ በክላሲካል ጊታር ላይ የለም፤ ፒክ ይመጣበታል ብሎ ያሰበ ሰው ስላልነበረ። ኔልሰን ግን ፒክ ይዞ መጣ። የሚያደንቀውን የጊታር ተጫዋቹን የጃንጎ ሬይንሃርትን ድምፅ በዚህ መሣሪያ ላይ አገኘሁ ብሎ፣ በዳንስ አዳራሽና በቢራ ጩኸት መካከል፣ ለፒክ ባልተሠራ እንጨት ላይ በፒክ መታ። በሠሪው ዓይን ይህ መሳሳት ነው፤ የመጀመሪያውን “ሳ” አጥብቀን የምናነበው። ቀዳዳው የዚያ ስሕተት መዝገብ ነው።

ታዲያ ስሕተት ነው እንበል? “ስሕተት” የምንለው ነገር ከታሰበለት ዓላማ ሲወጣ ነው። ዓላማውን ያሰበው ግን ሠሪው ነው፤ ሠሪው ደግሞ ከበሩ ላይ ነው የሚቀረው። መሣሪያው ወደ ሰው እጅ ሲገባ ዓላማው እንደ አዲስ ይጀመራል ወይስ የሠሪው አሳብ እንደ ቃል ኪዳን ተከትሎት ይሄዳል? ለመኪና ወይም ለመርፌ ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር፤ ያለ ቦታው የገባ መርፌ ይገድላል። ለሙዚቃ መሣሪያ ግን የሠሪው አሳብ ሙሉ ሊሆን አይችልም፤ የሚሠራው ገና ላልተወለደ ድምፅ ነውና። ሠሪው የሚያውቀው እንጨቱን ነው። ሠሪውና ተጫዋቹ ሁለቱም ትክክል ሆነው አንዱ የሌላውን ሥራ ሊበሳ ይችላል። ይህን ተቃርኖ ልፈታው ብዬ ብዙ ሞክሬያለሁ፤ አሁን አሁን እንዳለ መተው የሚሻል ይመስለኛል። የትሪገር ድምፅ ራሱ ካልተፈታው ተቃርኖ ውስጥ የሚወጣ ነውና። ናይለን ክር በፒክ ሲመታ የሚሰጠው ያ ደረቅ፣ አጭር፣ እንደ ንግግር ያለ ድምፅ፣ ለስላሳው ክርና ጠንካራው ፒክ ባይጣሉ ኖሮ አይሰማም ነበር።

እዚህ ላይ የጊታርን አሠራር ጥቂት ማየት ይገባል፤ ስስነት ለዚህ ዕቃ በሽታ ብቻ አይደለምና። ክር ብቻውን ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፤ አየርን ለመግፋት በጣም ቀጭን ነው። ክሩ ንዝረቱን ለብርኩማው ይሰጣል፣ ብርኩማው ለፊቱ እንጨት ይሰጣል፣ የሚዘፍነው ያ እንጨት ነው። ለዚህ ነው ሠሪዎች ስፕሩስ ከተባለው እንጨት የሚወጣውን የፊት ገበታ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊሜትር ገደማ እስኪቀር ድረስ የሚፍቁት። ወፍራም ከሆነ ዲዳ ይሆናል፤ ከመጠን በላይ ከሳሳ ደግሞ 40 ኪሎ ግራም ገደማ የሚደርሰው የስድስቱ ክሮች ጉተታ ያጎብጠዋል። ከሥሩ ቀጫጭን የእንጨት ማገሮች ተለጥፈው ይደግፉታል። እንግዲህ ጥሩ ጊታር ማለት ሊሰበር የቀረበ፣ ግን ያልተሰበረ እንጨት ነው። ሠሪው ፍቆ ያቆመበትን ሥራ ተጫዋቹ ቀጠለው ብንል ከእውነት ብዙ አንርቅም፤ ልዩነቱ ሠሪው የት ማቆም እንዳለበት ማወቁ ነው። ተጫዋቹ ማቆም አይችልም። ካቆመ ተጫዋች አይደለም።

በ1975 “ሬድ ሄድድ ስትሬንጀር” የተባለው አልበሙ ተቀርጾ ለአሳታሚው ሲቀርብ የድርጅቱ ሰዎች ገና ያላለቀ የሙከራ ቅጂ መስሏቸው እንደ ነበር ይነገራል። ብዙ ቦታ ላይ የሚሰማው ድምፁና ይህ ጊታር ብቻ ስለሆነ። ሳሳባቸው። ሕዝቡ ግን ያንን ስስ ነገር ወደደው፤ ኔልሰንን ከቴክሳስ አልፎ በመላ አሜሪካ ያስታወቀውም እሱ ነው። ያን አልበም በማዳምጥበት ጊዜ በሁለት ኖታ መካከል ያለው ዝምታ ራሱ የተጠረበ ነገር ሆኖ ይሰማኛል፤ እንደ ክቡ ቀዳዳ።

ስለ ቀዳዳ ምንነት ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ሲያዩት የልጅ ጥያቄ ይመስላል፣ ሲገቡበት ግን አይለቅም። ቀዳዳ ነገር ነው ወይስ የነገር አለመኖር? የለም እንዳንል እንጠቁመዋለን፣ እንለካዋለን፣ “ሁለት ቀዳዳዎች አሉ” ብለን እንቆጥራለን። አለ እንዳንል ደግሞ ምን እንደሆነ ስንጠየቅ የምናወራው ስለ ዙሪያው ብቻ ነው። ቀዳዳ በጠርዙ ይኖራል። ክቡ ቀዳዳ በጠርዙ ላይ ጌጥ አለው፤ “እዚህ ባዶ እንዲሆን ፈልጌያለሁ” የሚል የሠሪ ፊርማ። የእጁ ቀዳዳ ጠርዝ ፊርማ የለውም፤ ነገር ግን ከዚያ ጠርዝ ላይ የጎደለው እንጨት ሁሉ የት እንደ ሄደ ብንጠይቅ መልሱ ያስደንቃል። በሺዎች በሚቆጠሩ መድረኮች ወለል ላይ፣ በሸሚዝ እጅጌ ላይ፣ በአውቶቡስ ውስጥ፣ እንደ ብናኝ ተበትኗል። ያ ጉድለት የአንድ ነገር አለመኖር ሳይሆን የብዙ ምሽቶች መኖር ነው። እንጨቱ ሲቀንስ ምሽቶቹ ተጠራቅመዋል፤ የተጠራቀሙት ግን ማንም ሊያስቀምጣቸው በማይችልበት መልክ ነው።

ይህን የተረዳ የሚመስለኝ ሰው ጠጋኙ ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኦስቲን ከተማ የሚኖረው የጊታር ሠሪ ማርክ ኧርልዋይን መሣሪያውን በየጊዜው እየተቀበለ ያክመዋል፤ ላከር የተባለውን ቀለም አልባ ቅብ ይደርብለታል፣ የውስጡን ማገሮች ያጠናክራል። ቀዳዳውን ግን አልደፈነውም። ለእንጨት ባለሙያ አንድ ቁራጭ ስፕሩስ ቆርጦ፣ ቀለሙን አመሳስሎ መለጠፍ ከባድ ሥራ አይደለም። አለመድፈኑ ነው ጥበቡ። ማደስ ሌላ ነው፣ ማቆየት ሌላ ነው። ማደስ የሆነውን እንዳልሆነ ማድረግ ነው፤ ማቆየት ግን የሆነው ሁሉ እንደሆነ ሆኖ ነገ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ሐኪም ሽማግሌን ወጣት አያደርግም። በዚህ ሰው እጅ ውስጥ ሁለተኛውን ስስት አያለሁ፤ የራሱ ላልሆነ ዕቃ፣ ራሱ ላላደረሰው ጉዳት፣ እንዲጠፋ ሳይሆን እንዲቀጥል ብቻ የሚሳሳ እጅ።

በእንጨቱ ፊት ላይ ደግሞ ስሞች አሉ፤ ከ100 በላይ። ነገሩ የጀመረው ሙዚቀኛው ሊዮን ረስል የራሱን ጊታር ፈርምልኝ ብሎ ኔልሰንን በጠየቀ ጊዜ ነው ይባላል፤ ከዚያ ኔልሰን በተራው እሱን በትሪገር ላይ አስፈረመው። ጆኒ ካሽ፣ ዌይለን ጄኒንግስ፣ ክሪስ ክሪስቶፈርሰን፣ ሮጀር ሚለርና ሌሎች ሙዚቀኞች እየመጡ ፈረሙ። በስለት የተጫረ ፊርማ በቀለም ከሚጻፍ ይለያል። ቀለም በነገሩ ላይ ይጨምራል፤ ጭረት ከነገሩ ላይ ይወስዳል። በስለት የጫሩት ስማቸውን የሰጡት ጥቂት እንጨት በመውሰድ ነው። በዚያ ላይ ያው እጅ፣ ያው ክንድ፣ በየምሽቱ ሲያልፍባቸው አንዳንዶቹን አደብዝዟቸዋል። ወዳጆቹ እንዲኖሩበት የሰጣቸውን ቦታ ወዳጁ ራሱ እየጠረገው ነው። ሳስበው ያሳዝነኛል፤ ግን ከዚህ የተለየ መታሰቢያ ከየት ይመጣል? ከፈራሚዎቹ ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ሰውን ማስታወስ ማለት በስሙ ላይ ደግሞ ደጋግሞ ማለፍ ከሆነ፣ ማለፉ ራሱ ስሙን ያሳሳዋል።

በአማርኛ “ውድ” የሚለውም ቃል ሁለት ፊት አለው፤ በዋጋ የከበደና በልብ የተወደደ። በ1990 የአሜሪካ መንግሥት ኔልሰንን 16.7 ሚሊዮን ዶላር የግብር ዕዳ ጠየቀውና ንብረቱን ያዘ። እሱ ሌላው ሁሉ ቢሄድ ይሂድ ብሎ ጊታሩን ግን ልጁ እሱ ወዳለበት ወደ ሃዋይ እንድታመጣለት አደረገ፤ ዕዳው እስኪያልቅ ድረስም ጊታሩ ተሸሽጎ ቆየ። ከዚያ በፊት፣ ጊታሩን ከገዛ ብዙም ሳይቆይ፣ በቴነሲ የነበረ ቤቱ ሲቃጠል ወደ እሳቱ ገብቶ ካወጣቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነበር። ለእሳት ዋጋ የለም፤ ሁሉ እንጨት ነው። ለግብር ሰብሳቢ ደግሞ ሁሉ ዋጋ ነው፤ ቤትም ጊታርም ወደ አንድ ቁጥር ይጠቀለላል። ኔልሰን በሁለቱም ፊት የቆመው በሦስተኛ መለኪያ ነው። መንግሥት ጊታሩን ይዞ ቢሸጠው ኖሮ ገዢው ምን ይገዛ ነበር? ቀዳዳውን ይገዛ ነበር፤ ቀዳዳውን የሚያውቀውን እጅ ግን አይደለም። በሌላ ሰው ጭን ላይ ያ ቀዳዳ ከምልክትነት ወደ ጉዳትነት ይመለሳል። አንድ ያው ክፍተት፣ ማን እንደ ያዘው እየታየ፣ ወይ ታሪክ ነው ወይ ስብራት።

ስሙም የራሱን ጥያቄ ያመጣል። ትሪገር በእንግሊዝኛ የጠመንጃ ቃታ ማለት ነው፤ ኔልሰን ግን የወሰደው ከፈረስ ነው። የፊልሙ ካውቦይ ሮይ ሮጀርስ ትሪገር የሚባል ወርቃማ ፈረስ ነበረው፤ ኔልሰንም የእኔ ፈረስ ይኼ ነው ብሎ ስሙን ለጊታሩ ሰጠ። ያ ፈረስ በ1965 ሞተ። ሮጀርስ ስለሳሳለት አልቀበረውም። ቆዳው ተገፎ በተሠራ አካል ላይ ተወጠረ፤ በሁለት እግሩ እንደ ቆመ፣ ለብዙ ዓመታት በሙዚየም ታየ። በ2010 ኒው ዮርክ ውስጥ በጨረታ ሲሸጥ 266,500 ዶላር አወጣ። እነሆ ሁለት ትሪገሮች። አንዱ ሙሉ ነው፤ ጋማው አለ፣ አንድ ቀዳዳ የለበትም፤ የሌለው ፈረሱ ብቻ ነው። ሌላው የተቦረቦረ ነው፤ የሌለው ደግሞ ከገበታው ላይ የጎደለው እንጨት ብቻ ነው። የሮጀርስን ፍቅር አልነቅፍም። የሚወዱትን ለአፈር መስጠት የማይችል ልብ ምን እንደሚመስል እናቴ በዚያ ሳጥን ፊት ስትቀመጥ አይቻለሁ። ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስብ አንዱ “እንዳያልቅ” ብሎ ካለቀ በኋላ የቀረውን የያዘ፣ ሌላው እያለቀ ያለውን ገና ያልጨረሰ ሆነው ይታዩኛል።

አንድ ተቃውሞ ግን አለ፤ ቀላልም አይደለም። ይህ ጊታር ጎኑና ጀርባው ከብራዚል ሮዝዉድ የተሠራ ነው። ያ ዛፍ በመመናመኑ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ በጥብቅ ተገድቧል። እንዲህ ያለ እንጨት እንደ ልብ አይገኝም። የማይተካን ነገር የመጨረስ መብት ለማን ተሰጠ? ውድ ዕቃ የባለቤቱ ብቻ ነው ወይስ ገና ሊመጡ ያሉ ሰዎችም ድርሻ አላቸው? በናሽቪል የካንትሪ ሙዚቃ ሙዚየም የዘፋኟና የጊታር ተጫዋቿ የሜይቤል ካርተር ጊብሰን ጊታር በመስታወት ውስጥ ይታያል። በ1928 የተገዛ ነው፤ በእሱ ላይ የተጫወተችበት ዘዴ ከእሷ በኋላ የመጡ ብዙ ጊታር ተጫዋቾችን አስተምሯል። ማንም ቢሄድ ያየዋል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ መስታወቱ ባይኖር ያ ጊታር ዛሬ የት እንደሚሆን ማሰብ ያስፈራል። እኔም በዚህ ተቃውሞ ፊት ሙሉ መልስ የለኝም። የካንትሪ ዘፋኙ ሃንክ ዊሊያምስ በ29 ዓመቱ ሲሞት የተወው የ1941 ማርቲን ጊታር ዛሬ በሙዚቀኛው በኒል ያንግ እጅ ነው፤ ያንግም ይዞት መድረክ ላይ ይወጣል። ያ ጊታር ከባለቤቱ በኋላ ሌላ ባለቤት ሳይሆን ሌላ ተጫዋች አገኘ። ምናልባት የሚመጡት ሰዎች ድርሻ በዕቃው ላይ ሳይሆን በድምፁ ላይ ሊሆን ይችላል። ድምፅ ደግሞ ካልተጫወቱበት ለማንም አይደርስም፤ ለዛሬም ለነገም። ይህን እላለሁ፤ ከዚያ የዛፉ ነገር ትዝ ይለኝና እንደገና እጠራጠራለሁ።

ሌላም የሚያስጨንቅ ነገር አለ። የኔልሰን ቃል፣ ትሪገር ሲያበቃ እኔም አበቃለሁ ያለው፣ በውስጡ ሰዓት አለው። ሰውየው በ2023 ዘጠና ዓመት ሞላው። እሱም ሳስቷል፤ ድምፁ፣ ፀጉሩ፣ የእጁ ቆዳ። በቅርብ ጊዜ በተቀረጹ ምስሎች ላይ ካሜራው ወደ ቀኝ እጁ ሲጠጋ ሁለት ቀጫጭን ነገሮች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ደም ሥሩ የወጣ የእጅ ጀርባና ከሥሩ ያለው የእንጨት ጠርዝ። ማን ማንን እንደ ፋቀ በዓይን መለየት አይቻልም። እንጨቱ ቆዳውን አጠንክሮታል፣ ቆዳው እንጨቱን አቅጥኖታል። ከአምሳ ዓመት በኋላ “መሣሪያ” እና “ተጠቃሚ” የሚሉት ቃላት እዚህ ቦታ ላይ አይሠሩም። እጁ ወደ ጠርዙ ሲቀርብ ፍጥነቱ አይቀንስም፤ ተጠንቅቄ ልለፍ አይልም። ያው እንደ ወትሮው ይወርዳል፣ ክሮቹን ይመታል፣ የሆነች የማትታይ ፍንጣሪ ትሄዳለች።

የዚህን ጽሑፍ ርእስ ስጽፍ እጄ አልተቸገረም፤ አራት ፊደል ነው። ጮክ ብዬ ላነበው ስሞክር ግን ቆምሁ። የመጀመሪያው “ሳ” ላይ ምላሴ መወሰን ነበረበት፤ ላጥብቅ ወይስ ላላላ። አንዴ አጥብቄ አነበብሁት፣ ለፒክ ያልተሠራውን ጊታር በፒክ የመታው ሰው ታየኝ። ቀጥሎ አላልቼ አነበብሁት፣ ጠርዙ ታየኝ፣ ጣቷን በእጥፋቱ ላይ የምታስኬደው እናቴም ታየችኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል አልተለወጠም።